ትእዛዝና ኒያ

በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ከወሎ የተነሱ ወገኖች፣ ብዙዎቹም ሙስሊሞች፣ በመንግሥት ሰፈራ ወደ ኢሉባቦር ሲወሰዱ ጎጆ የቀለሱላቸው የአካባቢው ገበሬዎች ነበሩ። ሥራው በገበሬ ማኅበር ትእዛዝ ነበር። ይሁንና ትእዛዝ እንጨት ያስቆርጣል እንጂ እንግዳን አያስወድድም፤ ይህ የኒያ ጉዳይ ነው። የመዲና አንሷሮች ለሙሃጂሮች ቤታቸውን ሲያካፍሉ፣ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂዱ ሲሠራ ጡብ ሲሸከሙ ያስገደዳቸው ሰው አልነበረም።

ዛሬ በክረምት በጎ ፈቃድ የደካሞችን ቤት ለመጠገን በመቱና በጎሬ የምትሰማሩ ወጣቶች ሆይ! ያዘዛችሁ የለምና ኒያችሁን በማንም ማሳበብ አትችሉም። ለፎቶ ብሎ ጭቃ የመረገ ምንዳው ያው ፎቶው ነው እላችኋለሁ። የባለቤቱን ዘርና ሃይማኖት ሳትጠይቁ ጣራውን ክደኑ፤ ምስጋናም አትጠብቁ። አላህ ሥራችንን ይቀበለን። አሚን!