የቁልቁለት ፍሬንና የሰው ፈቃድ

ከሁሩሙ በመቱና በጎሬ አድርጎ ወደ ጋምቤላ የሚወርደው መንገድ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከጎሬ ደጋ ተነሥቶ 500 ሜትር ገደማ ወደሆነው የባሮ ሜዳ የሚያደርስ በመሆኑ፣ በተጓዡ ላይ የሚጥለው ጥያቄ የመካኒክ ብቻ አይደለም። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ፍሬን እምቢ ብሎ ሰው ሲሞት በለቅሶ ቤት የሚነገረው «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለው ቃል ሐዘንተኛን ያጽናናል፤ ይሁን እንጂ የሆነው ሁሉ ከፈጣሪ ፈቃድ ነው ወይስ ከሰው ምርጫ የሚለውን ጥንታዊ ጥያቄ ሳይመረምር ይዘጋዋል።

ጉዳዩ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በብስክሌት ነው። ከነነጂው 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብስክሌት 1,500 ሜትር ዝቅ ሲል፣ ከከፍታው ይዞት የመጣው ጉልበት ሦስት ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ ነፋሱ ያልወሰደው አብዛኛው ሙቀት ሆኖ የሚያርፈው በዲስክ ፍሬኑ ላይ፣ ማለትም ከጎማው ጋር በሚሽከረከረው ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ስስ ብረትና ብረቱን ግራና ቀኝ በሚጨብጡት ሸራዎች ላይ ነው። ነጂው ፍሬኑን ሳይለቅ ይዞ ከወረደ ብረቱ ፋታ ስለማያገኝ መልኩ መጀመሪያ ገለባ፣ ቀጥሎም ሰማያዊ ይመስላል፤ ሸራውም የተቃጠለ ሽታ ይሸታል። ሙቀቱ ዘልቆ የፍሬን ዘይቱን ሲያፈላው እንፋሎት ይፈጠራል፤ ዘይት ሲጫኑት የማይታመቅ ሲሆን እንፋሎት ግን ይታመቃልና፣ የፍሬኑ እጀታ እስከ መሪው ድረስ ቢገባም ብስክሌቱ አይቆምም። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ሲጠበቅበት፣ እርጥበት ከሳበ በኋላ የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዘይቱን በጊዜው ያልለወጠ ሰው የመጨረሻውን ኩርባ ዕጣ ከወራት በፊት፣ በቤቱ ሳለ፣ ወስኖታል።

አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ ድንጋይ የወረወረ ሰው ድንጋዩን መመለስ ባይችልም መወርወሩ በእጁ ስለነበር ተጠያቂ መሆኑን ያስረዳል። በቁልቁለትም ነጻ ፈቃድ፣ ማለትም ሰው ከሁለት አንዱን የመምረጥ ሥልጣኑ፣ ከአናቱ ሰፊ ሆኖ ሳለ ከግርጌው ፈጽሞ ሊጠፋ ይችላል፤ ግርጌውን ብቻ የሚመለከት ሰውም የሚያየው ዕጣ ፈንታን ብቻ ነው። መንገዱ በሚያልፍበት በኢሉባቦር ጎን ለጎን የሚኖሩት ክርስትናና እስልምና፣ ሰው በእጁ ያለውን ምርጫ ለፈጣሪ ትቶ መቀመጥ እንደሌለበት ይስማማሉ። የማቴዎስ ወንጌል ክርስቶስ ራሱን ከመቅደስ ጫፍ እንዲወረውር ሲጠየቅ ይህን አምላክን እንደ መፈታተን ቆጥሮ እምቢ ማለቱን ሲተርክ፣ በቲርሚዚ የሐዲስ ስብስብም ነቢዩ ሙሐመድ ግመሉን ሳያስር በአላህ ይመካ እንደሆነ ለጠየቃቸው ሰው አስቀድሞ እንዲያስር መምከራቸው ተዘግቧል። ተወኩል፣ ማለትም በአላህ መመካት፣ ገመዱን አይተካም።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በነጂው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ብስክሌተኛው የራሱ ጌታ ሲሆን፣ ሸራው ያለቀበትን የጭነት መኪና ከልኩ በላይ ተጭኖለት የሚነዳ ደመወዝተኛ ግን ከአናቱም ላይ ያለው ምርጫ ጠባብ ነው፤ ድንጋዩን አብረው የወረወሩት ጫኙና ሸራ እንዲለወጥ ያልፈቀደው ባለ ንብረት ደግሞ ቁልቁለቱን አይወርዱም።