ጭነቱ የማን ነበር?

የደከመን እንስሳ መጣል ነውር መሆኑን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ሰው ሁሉ ያውቀዋልና። የሚያከራክረው ግን፥ እናቱ በሥራ ላይ ስለ ሞተችበት ውርንጭላ ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል? የሚለው ነው። ይህንንም ያሰብነው ከመጽሐፍ አግኝተነው ሳይሆን፥ በፃግብጂ ቁልቁለት ላይ ደርሶብን ነው።

ከሰቆጣ ተነሥተን ለመንግሥት ሥራ ስንሄድ፥ የመኪናው መንገድ ካበቃበት ስፍራ ጓዛችንን የምትጭን አህያ ከአንድ ሽማግሌ ተከራየን። አህያይቱ ከወለደች ሁለት ሳምንት ቢሆናት ነው፤ ውርንጭላዋም ከኋላዋ ኩስ ኩስ እያለ ይከተላት ነበር። ሽማግሌው ችግር አስገድዷቸው ቢያከራዩንም፥ «ልጆቼ፥ አራስ ናትና ጭነቱን አቅልሉላት» ብለው ለምነውን ነበር። እኛ ግን ሳይመሽ ለመድረስ ስለ ቸኰልን ቃላቸውን እንደ ባለንብረት ስስት ቈጠርነው። ቁልቁለቱን ስንወርድ እግሯ ከዳትና ከነጭነቷ ተንከባለለች፤ አልተነሣችም። ዋጋዋን ቈጥረን ሰጠን፤ ደረሰኝም አስፈረምን (ደረሰኙ እስከ ዛሬ በመዝገባችን አለ)። ዕዳችንን የጨረስን መሰለን። ውርንጭላው ከሬሳዋ አጠገብ ቆሞ ጡቷን ይፈልግ ነበር።

በዋግ ምድር ኑሮ በእንስሳት ጀርባ ላይ የቆመ ነው። ሰቆጣ በድሮ ዘመን ከአፋር በረሃ የሚመጣው የአሞሌ ጨው ታላቅ ገበያ ነበረች፤ ዛሬም ውኃውና እህሉ በአህያ ይመላለሳል። በአህያ ብዛት አገራችን ከዓለም ቀዳሚ ናት። ሕዝባችንም ስለ አህያ ግድ የሌለው አይደለም፤ በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በ2009 ዓ.ም. የተዘጋው ሰው ስለ ተቃወመው ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው አህያን ለቆዳዋ ማረድ በአህጉሩ ለ15 ዓመት እንዲታገድ ወስነዋል። ስለ ውርንጭላው ግን ውሳኔው የሚለው ነገር የለም።

በአሜሪካ፥ የሩጫ ፈረሶች በሚረቡበት በኬንታኪ፥ የከበረውን ውርንጭላ በሞግዚትነት እንድታጠባ ሌላ ባዝራ ትከራያለች፤ ወተት እንዲኖራት ሲባል የተወለደው የራሷ ውርንጭላ ግን ብዙ ጊዜ ይጣላል። ርኅሩኆች ሰዎች እየሰበሰቡ የሚያሳድጓቸው አሉ። በዚያ የሚያስጥለው ትርፍ ነው፤ በእኛ ዘንድ ድህነት ነው። ስለዚህ ሽማግሌውን ከዚያ ነጋዴ ጋር አንድ አድርጎ መውቀስ ግፍ ይሆናል።

አብሮን የነበረው የእንስሳት ሐኪም ነገሩን ቀላል አድርጎ አስረዳ፦ ውርንጭላው እንገር ስለ ጠጣ ተስፋ አለው፤ ከላም ወተት ይልቅ የፍየል ይሻላል፤ ጥቂት በጥቂት፥ ቀንም ሌሊትም ማጠጣት ነው። ሽማግሌው ሰምተው ሲያበቁ፥ «ልጄ፥ ፍየሎቼ በ2015ቱ ድርቅ አለቁ። የልጅ ልጄ ወተት ከቀመሰ ስንት ጊዜው ነው፤ ለዚህ ከየት ላምጣ?» አሉት። መልስ አልነበረውም፤ እኛም አልነበረንም።

ከመካከላችን አንዱ፥ እንስሳ የባለቤቱ ንብረት ነው፤ ባለቤቱ ከተካሰ ነገሩ አበቃ ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ በሕግ በኩል የሚናቅ አይደለም። ዳሩ ግን ዋጋው የካሰው የሽማግሌውን ጉዳት ነው፤ ውርንጭላው ያጣው ወተት በደረሰኛችን ላይ አልተጻፈም። የኦሪት ሕግ ከጭነቷ በታች የወደቀችውን የጠላትን አህያ እንኳ እንድናነሣ ያዝዛል፤ በዚያ ትእዛዝ ጭነቱ የሌላ ሰው ነው። በእኛ ነገር ግን ጭነቱ የእኛው ነበር፤ አቅልሉ ተብለንም አላቀለልንም። እንግዲህ ወተቱን ሽማግሌው ከልጅ ልጃቸው አፍ ነጥቀው ይስጡ ማለት፥ የራስን ዕዳ ለደኻ ማሸከም አይደለምን?

ከውሎ አበላችን አዋጥተን ከመንደሩ አንዲት የምትታለብ ፍየል ገዛን። ሽማግሌው ተቀብለው በዚያው አለቧት፤ በመጀመሪያ ለልጅ ልጃቸው ሰጡ፤ የቀረውን በጣሳ ይዘው ወደ ውርንጭላው ሄዱ።