«አቋረጠ» ወይስ «ተቋረጠበት»?

በቅኔ ቤት ለተማሪ ከቅኔው አስቀድሞ ግስ ይነገረዋል። ግሱ ሲነገር መምህሩ ከኹሉ አጥብቆ የሚጠይቀው ባለቤቱን ነው፤ ያደረገው ማን ነው? የተደረገበትስ ማን ነው? ይላል። አድራጊና ተደራጊን ያልለየ ተማሪ የቱንም ያህል ቃል ቢያከማች ቅኔው አይሰምርለትም። እኔም ይህን ትምህርት ከተማርሁ ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ የግስ ስሕተት በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ አገኘሁ። ስሕተቱ የጽሕፈት ብቻ ቢኾን ኖሮ በዚህ ገጽ የአንባቢን ጊዜ ባልወሰድሁም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከፎገራ ሜዳ ትምህርት ቤቶች በአንዱ የወላጆች ኮሚቴ አባል ነበርሁ። በኅዳር ወር ሦስት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች በትምህርት ሰዓት ከተከራዩት ቤት ውስጥ ጫት ይዘው፥ አረቄም ቀምሰው ተገኙና ጕዳያቸው ወደ እኛ መጣ። የኹለቱ አባቶች የከተማ ሰዎች ነበሩ፤ ሽማግሌ አስከትለው መጡ፥ ዋስ ጠሩ፥ ይቅርታ ለመኑ። የሦስተኛው አባት ግን ከርብ ወንዝ ማዶ የሚኖር ገበሬ ነው፤ ሩዙ ደርሶ በአጨዳ ላይ ነበርና አልመጣም። ምናልባትም የጥሪው ወረቀት አልደረሰውም፤ የላክነው በዚያው በተከሰሰው ልጅ እጅ ነበርና። ኹለቱ በማስጠንቀቂያ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ሦስተኛው «ወላጁን ያላቀረበ» ተብሎ ተሰናበተ። እጅ ይውጣ በተባለ ጊዜ እኔም እጄን አወጣሁ።

በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡ ሲመረመር በዚያ ልጅ ስም ትይዩ የተጻፈው ቃል «አቋረጠ» የሚል ነበር። አንባቢ ሆይ፥ ግሱን ተመልከት። «አቋረጠ» ሲል አድራጊው ልጁ ነው፤ ትምህርቱን ቈርጦ የጣለው እሱ ራሱ ነው ማለት ነው። «ትምህርቱ ተቋረጠበት» ቢል ግን ልጁ ተጐጂ ይኾናል፤ የሚያነበውም ሰው «ማን ቈረጠበት?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። በሀገራችን ትምህርታቸውን ያልጨረሱ ልጆች ሲቈጠሩ ኹሉም «አቋራጭ» ይባላሉ። በዚህ ቃል ምክንያት ከእኛ ከኮሚቴዎቹ የተጠየቀ ሰው የለም።

የዚህን ልጅ ነገር ለማስተዋል አገሩን ማወቅ ይገባል። ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ በክረምት ጉማራና ርብ ሞልተው ያጥለቀልቁታል። ወረታ ከባሕር ዳር የመጣው መንገድ ለኹለት የሚከፈልባት ከተማ ናት፤ አንዱ ወደ ጎንደር፥ ሌላው ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ይኼዳል። አገሩ ቀድሞ በከብቱ የታወቀ ነበር፤ ከደርግ ዘመን ወዲህ ግን ሩዝ ገብቶበት ውሃ የሚተኛበት መሬት ኹሉ የሩዝ ማሳ ኾነ። ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ክረምት በመጣ ቍጥር ይፈራ የነበረው ውሃ እንጀራ ኾኖአልና። ነገር ግን ሩዝ እጅ ይፈልጋል። አረሙ በእጅ ይነቀላል፥ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ የአረሙ ጊዜ ከትምህርት መከፈቻ ጋር ይገናኛል፤ አጨዳውም በኅዳርና በታኅሣሥ፥ ትምህርቱ በጠናበት ወራት ይውላል። ስለዚህ የገበሬ ልጅ መጀመሪያ ከክፍል የሚቀረው በክፋት አይደለም። አባቱን ታዞ ነው። በዘመናችን ይህን የመሰለ ታዛዥ ልጅ ማግኘት የሚያስመሰግን ነበር።

ደግሞም ከገጠር ቀበሌ ለኹለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ከተማ የሚመጣው ልጅ ከሦስትና ከአራት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፥ ከእናቱ ቤት ስንቅ እያመላለሰ ይኖራል። ዕድሜው ዐሥራ አምስት ወይም ዐሥራ ስድስት ነው። ማታ የሚቈጣው የለም፥ ሲታመም የሚያየው የለም። በሩዝ አረም ወይም በጆንያ ተሸካሚነት ያገኛት ገንዘብ በኪሱ አለች። የቀን ሠራተኛ ድካሙን በምን እንደሚሽር ከታላላቆቹ አይቷል። ጫት ቤቱና አረቄ ቤቱ ከመንገዱ ዳር ናቸው።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ልጁ ጫት የጀመረው ለምን እንደ ኾነ በኮሚቴው ፊት ሲጠየቅ «ለጥናት» ብሎ መለሰ። ብዙዎቹ ሣቁ። እኔ ግን ለመሣቅ አልቻልሁም፤ የራሳችንን ቤት ዐውቃለሁና። በቅኔ ቤት አብሾ የሚባል ነገር ነበረ። አስተናግር ከሚባለው፥ ፍሬው እሾኻም ከኾነው ዕፅ እየተቀመመ ተማሪው ቀለም እንዲይዝለት፥ አእምሮው እንዲከፈትለት ይጠጣው ነበር። ዕፁ መርዛም ነው፤ መጠኑ ካለፈ ሰውን ያሳብዳል፥ ይገድላልም። ዛሬም ጠጅ ቀምሶ የሚያብደውን ሰው «አብሾ አለበት» የምንለው ከዚያ የቀረ ንግግር ነው። ያ ተማሪ አብሾ የጠጣው ለደስታ አልነበረም። የተነገረው እንዳይጠፋው፥ በጓደኞቹ መካከል እንዳያፍር፥ ከአገሩ ወጥቶ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ፈርቶ ነው። ስለዚህ እኛ የአብነት ተማሪዎች በጫት ቃሚው ልጅ ላይ ድንጋይ ለማንሣት የቀደመ መብት ያለን አይመስለኝም።

ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ኹለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4። ከመቶ ልጆች ዘጠና አምስቱ በወደቁበት ደጅ የቆመ ልጅ እንቅልፉን ለመሸጥ ቢከጅል ምን ያስደንቃል? በጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ነገር ቅጠሉ እርጥብ ሳለ ያነቃል፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ኀይሉ ይደክማል፤ የሚቸኵለውም ንግድ ስለዚህ ነው። የነቃው ልጅ ግን ሌሊት እንቅልፍ ያጣል። እንቅልፉን ለማምጣት «ጨብሲ» ብለው አረቄ ይጨምሩበታል። በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፤ ያነበበውም አይገኝም፤ ስለዚህ ደግሞ ይቅማል። (የጫቱን ስካር «ምርቃና» ማለታቸው ኹልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ለዦሮ ከምርቃት ጋር የሚቀራረብ ቃል ለዚህ ነገር መዋሉ።)

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ እንዲህ ያለውን ልጅ ያገኘ ትምህርት ቤት ምን ያድርግ? «ስለ ሌሎቹ ስድሳ ልጆችስ አታስብምን? አንዱን ለመያዝ ስንል ኹሉን እንጣ?» የሚለኝ አለ። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ ልጁን ወደዚያ ክፍል የሰደደች እናት ብትናገረው ምን እመልስላታለሁ? ጓደኞቹን የሚያስለምድ፥ ይልቁንም የሚሸጥላቸው ልጅ ካለ ከመካከላቸው መለየት አለበት ብዬ አምናለሁ። ቅዱስ ጳውሎስም በመጀመሪያው መልእክቱ የቆሮንቶስን በደለኛ ከማኅበሩ እንዲያወጡት አዝዟል። ነገር ግን በኹለተኛው መልእክቱ ስለ አንድ የተቀጣ ሰው ይጽፋል፤ ብዙዎቹ ሊቃውንት ያው ሰው ነው ብለው ይተረጕማሉ፤ ቅጣቱ ይበቃዋልና ኀዘን እንዳይውጠው ይቅር ብላችሁ አጽናኑት ማለቱ ነው። ያወጣው ሐዋርያ የወጣውን ሰው ከልቡ አላወጣውም ነበር። በቀደመችውም ቤተ ክርስቲያን ንስሓ ገቢው ከቅዳሴው ቢለይ የሚቆምበት ስፍራ ነበረው፤ ከደጅ ይቆማል፥ ቀጥሎ ከሚሰሙት ጋር ይቆማል፥ ቀኑ ሲደርስ ይገባል። ቅጣቱ ቦታና ቀን ነበረው። የእኛ ውሳኔ ቦታም ቀንም አልነበረውም። ኹለተኛ መልእክትም አልጻፍንም።

ይህን ስል የቀደመውን ትምህርት ቤት ለማመስገን ብቻ አይደለም። የአብነት መምህራን ጨካኞች ነበሩ፤ የሚኰበልል ተማሪ በእግር ብረት ይታሰር ነበር፤ የአለንጋውን ምልክት እስከ ዛሬ በገላቸው ላይ የሚያሳዩ ካህናት አሉ። ነገር ግን ሦስት ነገር ነበረ። የመጀመሪያው፥ ተማሪው የቀረ እንደ ኾነ በዚያው ማታ ይታወቃል፤ ቅኔ ሲነገር ድምፁ ታጥቷልና። ኹለተኛው፥ የጎጆ ባልንጀራው ለታመመው እህል ለምኖ ያመጣለታል። ሦስተኛውም፥ ከአንዱ መምህር ጋር የተጣላ ተማሪ አኮፋዳውን አንሥቶ ወደ ሌላው ይኼዳል፤ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፥ ከጎንጅ ወደ ዋድላ፤ ዜማ የሚሻውም ወደ ጋይንት፥ ወደ ቤተ ልሔም ወይም ወደ ዙር አባ። ማንም መልቀቂያ ወረቀት አይጠይቀውም። ከአንድ ደጅ መውጣት ከትምህርት መውጣት አልነበረም። ዛሬ የጥፋት ምልክት ያለበትን ወረቀት ይዞ የሚመጣውን ልጅ የሚቀበል ደጅ የት ነው?

ስም ይጠራል፤ የቀረው «ቀሪ» ተብሎ ይጻፋል። መቅረቱ ሲበዛ ስሙ ይሰረዛል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ቀን መካከል የጠየቀ ሰው ነበረን? ነገሩ ኹሉ በዚህ ላይ ነው። ስለ ሦስተኛው ልጅ ቈይቼ መዝገቡን አይቼዋለሁ፤ ከመያዙ በፊት በጥቅምት ወር ብቻ ዐሥራ አንድ ቀን ቀርቷል። ዐሥራ አንድ ጊዜ ጽፈነዋል፥ አንድ ጊዜ አልጠየቅነውም።

አስተማሪዎቹ ለምን አልጠየቁም ብዬ አልወቅሳቸውም፤ በአንድ ክፍል ስድሳና ሰባ ልጅ ይዞ፥ ደመወዙ ከቤት ኪራይ የማይተርፍለት ሰው ርብን ተሻግሮ ቤት ለቤት ይጠይቅ ማለት ፍርድ አይደለም። ነገር ግን ርብን የሚሻገር ሌላ ሰው አለ። ይህን ጋዜጣ የምታነቡ አባቶች፥ ነገሩ ወደ እናንተ መጣ። እያንዳንዱ የገበሬ ቤት የንስሓ አባት አለው። እሱ የቤቱን ችግር ያውቃል፥ ጠበል ሊረጭ ይገባል፥ በሰንበቴ አብሮ ይቀመጣል። ሦስት ቀን የቀረው ልጅ ስም ለደብሩ ቢነገርና ቄሱ እሑድ ዕለት አባቱን «ልጅህ የት ነው?» ቢለው ምን ያህል ድካም ነው? አንድ ነገር ብቻ ይጠበቅ፤ ቄሱ ይጠይቅ እንጂ ወሬ አያመላልስ። የሰማውን ለርእሰ መምህር ያደረሰ ቀን ልጁንም ኑዛዜውንም ያጣል።

ደግሞ ራሳችንን እንጠይቅ። ያ ልጅ የመጀመሪያውን ጽዋ ከማን እጅ ተቀበለ? ከአረቄ ቤት አይደለም። በማኅበር፥ በዝክር፥ በተዝካር ቀን ከእኛ ፊት ነው። «ቅራሪ ነው፥ አይጐዳውም» እያልን ሰጥተነዋል። በአዋጅ ቍጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለኾነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥ ክልክል ነው፤ ጫቱ ግን በሕግ ያልተከለከለ፥ ወደ ውጭ ሀገር ተልኮ ምንዛሪ የሚያመጣ ዕቃ ነው። በአረቄውም ቢኾን አዋጁ ያለ ሰው አይሠራም። አረቄ የምታወጣዋም ሴት ብዙ ጊዜ ባል የሞተባት ናት፤ የራሷን ልጅ ደብተር የምትገዛው በዚያው አረቄ ነው። እሷን ብቻ ኰንኖ መተኛት አይቻልም።

በመስከረም 2012 ዓ.ም. ወደ ሩዝ መፈተጊያ ቤት ለጕዳይ ኼድሁ። ገለባው እንደ ደመና ይበናል። ጆንያ ተሸክሞ የሚመጣ ልጅ አየኝና ሸክሙን አውርዶ ጕልበቴን ሳመ፤ «የኔታ፥ ደኅና ሰነበቱ?» አለኝ። ያ ልጅ ነው። እጄን ያወጣሁበት መኾኔን ያውቃል፤ በኮሚቴው ፊት ቆሞ አይቶኛልና። «ትምህርቱስ?» አልሁት። «የሚጠራኝ ጠፋ» አለ። ከዚያ ሌላ አልተናገረም።

በማግሥቱ ወደ ርእሰ መምህሩ ኼድሁ፤ ደግ ሰው ነው፥ በማታው ትምህርት እንዲገባ ፈቀደ። መዝገቡ ላይ የተጻፈው ቃል እንዲታረም ብጠይቅ ግን ለዚያ የተሠራ መደብ የለም አለኝ፤ «አቋረጠ»፥ «ተዛወረ»፥ «ሞተ» የሚሉ ብቻ ናቸው። ልጁ ጥቂት ወራት ተማረ። ጫቱን ፈጽሞ አልተወም፤ አንዳንድ ሳምንት ይተዋል፥ አንዳንድ ሳምንት ይመለሳል፤ ነገር ግን ከክፍሉ አልቀረም። በመጋቢት ወር ስለ ኮሮና በሽታ በመላው ሀገር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ሲከፈቱ አልተመለሰም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው እጅግ ብዙ ልጆች ከቤት ውለዋል፤ ለእነዚህ የሚባረሩበት ደጅ እንኳ አልነበራቸውም፤ በመዝገብ ግን እነሱም ያው ቃል ነው የሚጻፍላቸው።

ባለፈው ሳምንት ከርብ ማዶ ያለ ደብር አስተዳዳሪ ለስብሰባ መጥቶ አገኘሁት። የልጁን አባት ስም ነገርሁት፤ የንስሓ ልጁ ኖሯል። ልጁ የት እንዳለ እሑድ ዕለት ጠይቆ ሊልክብኝ ቃል ገብቶልኛል።