ጠላታችን አስተማሪያችን እንዳይሆን

ሱረቱል ካህፍን ቀራችሁ? በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት አበዛችሁ? ካልሆነም ቀኑ ገና አላለቀም፤ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ትሄዱበታላችሁ ኢንሻአላህ።

ዛሬ በጨዋታ ልጀምር። ፊልም ላይ ካያችኋቸው ሰዎች ሁሉ አብልጣችሁ የምትወዱት ማንን ነው? ለምን?

"በጁሙዓ ቀን ስለ ፊልም?" የምትሉኝ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እርግጥ ነው፤ ፊልም ዲናችንን አያስተምረንም፤ አርአያችንም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። ግን እውነቱን እንነጋገር። ብዙዎቻችን እናያለን፤ ስናይም ልባችን ከአንዱ ጋር ይቆማል። ልብ ከማን ጋር እንደሚቆም ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው በአኼራ ከሚወደው ጋር እንደሚሆን ነብያችን ነግረውናል። አነስ (ረ.ዐ) እንዳወሱት፣ ሶሓቦች እስልምናን ከተቀበሉ በኋላ በዚህ ንግግር የተደሰቱትን ያህል በምንም አልተደሰቱም። ስለዚህ "ማንን ትወዳለህ?" የሚለው ጥያቄ የጨዋታ መስሎ ይጀምርና ራስን ወደ መፈተሽ ይወስዳል።

ጓደኞቼን ጠይቄያቸው ነበር። አንዱ ጊዜ ሳይወስድ ኤርቱግሩል አለ። ሌላው ጆከርን መረጠ። አንዷ እህት ደግሞ ቤተሰቧን የጨረሱባትን ሰዎች አንድ በአንድ እያደነች ስለምትበቀል ሴት ተረከችልን። "ለምን?" ስላቸው የሦስቱም መልስ ዞሮ ዞሮ አንድ ሆነ፦ የበደለውን አይለቅም፤ ብድሩን ይመልሳል። ኤርቱግሩል እኮ ከዚያ በላይ ነው ብትሉ ልክ ናችሁ፤ ጓደኛዬ የወደደለት ግን ሰይፉን ነው።

አይገርምም። ተበድሎ የማያውቅ ማን አለ? ፊልም ላይ በቀል ይጣፍጣል፤ ምክንያቱም ደራሲው ተበቃዩን ሁሌም ትክክለኛው በር ላይ ያደርሰዋል። በሕይወት ግን በቀል በር ይስታል።

ከራሴ ላውራ። ከተወሰኑ ዓመታት በፊት አንድ የማላውቀው ሰው በዲናችን ላይ ያላገጠበትን ጽሑፍ ስልኬ ላይ አየሁ። ደሜ ፈላ። እኔም እሱ የሚያከብረውን እያነሳሁ በዚያው ቋንቋ መለስኩለት። ብዙ ሰው "ማሻአላህ፣ አንጀታችንን አራስከው" አለኝ። ሰውየው መልሴን ያንብበው አያንብበው እስከ ዛሬ አላውቅም። የልጅነት ጓደኛዬ ግን አነበበው። ክርስቲያን ነው፤ በአንድ ግቢ ነው ያደግነው፤ ረመዷን ሲገባ እናቱ እኔ ፊት ምግብ ይዞ ሲወጣ ትቆጣው ነበር። ምንም አላለኝም። ሰላምታው ግን ከዚያ ቀን በኋላ ቀዘቀዘ። በሱረቱል አንዓም 108ኛው አንቀጽ ላይ አላህ ሌሎች የሚያመልኩትን እንዳንሰድብ፣ እነሱም በድንበር አላፊነት አላህን እንዳይሰድቡ የከለከለበትን ቃል ስንቴ ቀርቼው አልፌ ነበር። የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ "ማንን ትወዳለህ?" ስባል መልሴ ሌላ ሆኗል። የኔ ምርጫ "የበረሃው አንበሳ" በሚለው ፊልም ላይ ያሉት ሼኽ ዑመር አል-ሙኽታር ናቸው። ፊልሙ እ.ኤ.አ በ1981 የወጣ ነው። ያዘጋጀው "አር-ሪሳላ"ን የሠራው ሶሪያ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ሙስጠፋ አል-ዐቃድ ነው። በእንግሊዝኛው የ"አር-ሪሳላ" ቅጂ ሐምዛን (ረ.ዐ) ሆኖ የተጫወተው አንተኒ ኩዊን እዚህ ደግሞ ዑመር አል-ሙኽታርን ሆኖ ይጫወታል።

ሼኽ ዑመር የደራሲ ፈጠራ አይደሉም። ጣሊያን እ.ኤ.አ በ1911 ሊቢያን ስትወር የቁርኣን አስተማሪ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውም ሃምሳ ግድም ነበር። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል በምሥራቅ ሊቢያ፣ በጀበል አል-አኽዶር ተራሮች ተዋጉ። ጄኔራል ግራዚያኒ ተዋጊዎቹን ከሕዝቡ ለመነጠል ሲል ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው ከቀየው አፈናቅሎ በሽቦ በታጠሩ የበረሃ ካምፖች አጎረ። በረሃብና በበሽታ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አለቁ። ሼኹም እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1931 ተያዙ። በአምስተኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 16፣ ሱሉቅ በተባለው ካምፕ በገዛ ወገኖቻቸው እስረኞች ፊት ተሰቀሉ።

የምወዳቸው ግን ስለተዋጉ ብቻ አይደለም። የሚዋጋማ ሞልቷል። በፊልሙ ላይ መጀመሪያ የምናያቸው ሕፃናትን ሰብስበው ሱረቱ አር-ረሕማንን ሲያስተምሩ ነው፤ አላህ ሰማይን ከፍ አድርጎ ሚዛንን ስለማስቀመጡ። ፈተናው በኋላ ይመጣል። ከውጊያ በኋላ አንድ ወጣት የጣሊያን መኮንን እጃቸው ላይ ይወድቃል። ተዋጊዎቹ ሊገድሉት ይፈልጋሉ። ሼኹ እስረኛ እንደማይገደል ይናገራሉ። አንዱ ተዋጊ እነሱ እኮ የኛን ይገድላሉ ብሎ ይከራከራል። የሼኹ መልስ አጭር ነው፦ እነሱ ለኛ አስተማሪዎች አይደሉም የሚል። ወጣቱም በሕይወት ተመለሰ።

ልብ በሉ፤ ያ ተዋጊ አልዋሸም። በእርግጥም ይገድሉ ነበር። እኛም ስንናደድ የምናነሳው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ሰድበውናል፤ እውነት ነው። ጀምረውናል፤ እውነት ነው። ስህተቱ ያለው ከዚያ በኋላ "ስለዚህ እኛም" ስንል ነው። የጠላት ወንጀል ጠላትን ይከሰስበታል እንጂ ለኛ የፈቃድ ወረቀት አይሆነንም።

ሼኹ ደግሞ አስተማሪ ስለነበሩ ትምህርት እንዴት እንደሚገባ ያውቃሉ። ሰው የሚማረው ዘወትር ከሚያየውና ከሚሰማው ነው። የምንጠላውን ሰው አስቡት። ቀኑን ሙሉ እናስበዋለን። የጻፈውን ደጋግመን እናነባለን። ቃላቱን እንሸመድዳለን። ሳናውቀው ደረሳው እንሆናለን። ከዚያ አንድ ቀን አፋችንን ስንከፍት የሚወጣው የሱ ድምፅ ይሆናል።

ይህ ሐሳብ ከፊልም የተገኘ አይደለም። ምንጩ ኡሑድ ነው። የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አጎት ሐምዛ (ረ.ዐ) ሸሂድ ሆነው አስከሬናቸው ተቆራርጦ ሲገኝ የረሱል ሐዘን ከባድ ነበር። ከሙፈሲሮች ብዙዎች የሱረቱ አን-ነሕል የመጨረሻ አንቀጾችን ከዚያ ቀን ጋር ያያይዟቸዋል። መልእክታቸው ግልጽ ነው፦ ብትመልሱ ከደረሰባችሁ አትለፉ፤ ብትታገሡ ደግሞ ለታጋሾች የተሻለ ነው። ነብያችን ትዕግሥትን መረጡ፤ አስከሬን መቆራረጥንም ከለከሉ። በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ መካ በእጃቸው ስትገባ ለሕዝቧ ምሕረት አደረጉ። ሐምዛን የገደለው ወሕሺይ እንኳ ሙስሊም ሆኖ ሲመጣ ተቀበሉት። ፊቱን ባያዩት እንደሚመርጡ ግን ነገሩት። ሱብሐነላህ! ይቅር ማለት ሕመሙ አለቀ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። ልብ እያመመም ፍትሕ ይቻላል። በሱረቱል ማኢዳህ 8ኛው አንቀጽም አላህ ለሰዎች ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያስወጣን አዞናል። እንዳንጠላ ሳይሆን፣ ጥላቻችን ዳኛ እንዳይሆን።

አሁን አንድ ጥያቄ እንደምታነሱ ይገባኛል። "እሺ፣ ግን ሼኽ ዑመር ተሸነፉ አይደል? ተሰቀሉ። ግራዚያኒ አሸነፈ።"

ግራዚያኒ የሚለውን ስም እኛ ኢትዮጵያውያን ከፊልም አይደለም የምናውቀው። ሊቢያ ላይ ያንን የሠራው ሰው አምስት ዓመት ሳይሞላ ሠራዊት ይዞ ወደኛ ዘመተ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገበት በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ያልታጠቀ ሰው ታረደ። ስድስት ኪሎ ያለው ሐውልት የነሱ መታሰቢያ ነው። የእጅ ቦምብ የወረወሩት ሁለት ወጣቶች ነበሩ፤ የሞተው ግን በሩ ላይ የተገኘው ሁሉ ነው። በቀል በር ይስታል ያልኳችሁ ይህ ነው።

ከዚህ የሚብስም አለ። ጣሊያን ሊቢያውያንን ለመውጋት ኤርትራውያን አስካሪዎችን አዘመተች። ኢትዮጵያን ስትወር ደግሞ ሊቢያውያንን በኦጋዴን ግንባር አሰለፈች። አገሩን የተነጠቀ ሰው ልጅ የሌላውን አገር ለመንጠቅ ጠመንጃ ተሸከመ። ብዙዎቹ ምርጫ አልነበራቸው ይሆናል፤ ፍርዱ የአላህ ነው። ግን እውነተኛ ሽንፈት ምን እንደሚመስል ከዚህ እናያለን። ሰው የሚሸነፈው ሲሰቀል ሳይሆን የሰቀለው ሰው እጅ ሲሆን ነው። ግራዚያኒ ሼኹን መስቀል ችሏል፤ ደረሳው ማድረግ ግን አልቻለም። ፊልሙን የሠራዊቷን ክብር ይነካል ብላ ለብዙ ዓመታት ያገደችው ጣሊያን ናት፤ በቴሌቪዥን የታየላትም እ.ኤ.አ በ2009 ነው። ሊደበቅ የተፈለገው የማን ሥራ እንደነበር አስቡት።

የአዘጋጁ መጨረሻ ደግሞ ልብ ይሰብራል። ሙስጠፋ አል-ዐቃድ እ.ኤ.አ በኖቬምበር 2005 ከሴት ልጁ ጋር ዮርዳኖስ፣ ዐማን ነበር። በእስልምና ስም የሚምሉ ሰዎች በሆቴሎች ላይ ባደረሱት የአጥፍቶ ጠፊ ጥቃት ሁለቱም ሞቱ። የረሱልን መልእክት ለዓለም ላሳይ ብሎ የደከመውን ሰው የገደሉት ሙስሊም ነን የሚሉ ናቸው። እነሱም ብትጠይቋቸው የሚቆጥሩት በደል አያጡም፤ ከሚቆጥሩትም እውነት የሆነ አይጠፋም። ግን ከጠላታቸው ጭካኔ ተምረው የተመረቁ ሆኑ። በር ስተው የገቡትም ሰርግ ቤት ጭምር ነበር።

ይህን ስል ዝም ብላችሁ ተበደሉ ማለቴ አይደለም። ሼኽ ዑመር ሃያ ዓመት ተዋግተዋል። ሐቅን መጠየቅ፣ መመስከር፣ በሕግ መክሰስ፣ ለእህቶቻችን ሒጃብና ለመስጂዶቻችን ክብር መቆም ግዴታችን ነው። ጥያቄው መቆማችን ላይ ሳይሆን አቋቋማችን ላይ ነው። ደግሞም ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቤቱ የተቃጠለበት፣ ወንድሙን ያጣ ሰው ዘንድ ሄጄ ይህን ለመስበክ አልደፍርም። ለሱ ዱዓ አደርግለታለሁ፤ ሐቁን ሲጠይቅም አብሬው እቆማለሁ። የማወራው ቁስሉ ሳይኖርብን በስልካችን ለምናራግበው ለእኔና ለመሰሎቼ ነው።

ጓደኛዬን በመጨረሻ ሄጄ አገኘሁት። "አውፍ በለኝ" አልኩት። የትኛውን እንደምል ወዲያው ገባው። ትንሽ ዝም አለና "ያንተ አልመሰለኝም ነበር፤ ስምህን ሁለቴ ነው ያየሁት" አለኝ። ከስድብ ሁሉ ይልቅ ይህ ቃሉ ውስጤ ቀርቷል።

እናም ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዛሬ የምትወዱትን ሰው ስም ወረቀት ላይ ጻፉት። ከጎኑ "የምወደው እንዲህ ስለሆነ ነው" ብላችሁ ሙሉት። ቀጥሎ በተናደዳችሁ ጊዜ፣ ጣታችሁ "ላክ" የሚለውን ከመንካቱ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህን ቃል የተማርኩት ከማን ነው? ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከሆነ ላኩት። ከሰደበኝ ሰው ከሆነ ግን አጥፉት፤ ማንም ስማችሁን ሁለቴ እንዳያይ።

ከዐስር በኋላ ያለችውን ሰዓት አትርሷት፤ ዱዓ ተቀባይነት የሚያገኝባት ሰዓት በዚያ እንደምትፈለግ ተነግሮናል። አንድ የበደላችሁትን ሰው በስሙ አንስታችሁ ዱዓ አድርጉለት። ቅርብ ከሆነም ደውሉለት።

ያ አላህ! በተቆጣንም ጊዜ ከፍትሕ አታውጣን። የምንጠላውን አስተማሪያችን አታድርግብን። ነብያችንን ከልባቸው ወደው ነገ ከሳቸው ጋር ከሚሆኑት አድርገን። ለአገራችንም ሰላምን ስጣት። አሚን።

መልካም ጁሙዓ።