ጀርባው የማን ነው?

በዋግ ደጋ አንዲት ሕፃን ታናሽ ሊመጣባት መሆኑን ብዙ ጊዜ የምታውቀው በምላሷ ነው። ቁጭ አድርጎ የሚነግራት የለም። እናት ስታረግዝ «የእርጉዝ ጡት ልጅ ያሳምማል» ይባልና ጡቷን ሬት ትቀባዋለች። ማታ ሲጣፍጥ ያመሸው ጠዋት ሐሞት ሆኖ ይጠብቃታል። ልጅቷ ትቀምሳለች፣ ፊቷን ታጨማድዳለች፣ አፏን በእጇ ጠርጋ ደግማ ትሞክራለች። ከዚያ ቀና ብላ እናቷን ታያታለች። አተያይዋ ውስጥ ቁጣ አለ፤ «ምን አጠፋሁ?» የሚል ጥያቄም አለ።

ከወራት በኋላ ቤቱ በእልልታ ይናወጣል። ጎረቤት ገንፎ ያገነፋል፣ አራሷ ከመጋረጃው ወዲያ ትገባለች፣ ልጅቷም ከአያቷ ጋር እንድትተኛ ይደረጋል። ሕፃኑ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሣ ድረስ የቤቱ ነገር ሁሉ በዚያ መጋረጃ ዙሪያ ይዞራል። «አንቺማ ትልቅ ሰው ሆነሻል» ትባላለች። ትናንት ስትታዘል የነበረች ልጅ በአንድ ሌሊት ትልቅ ሰው! ሹመቱን ማን እንደጠየቀላት እንጃ።

በዋግ ከተማ ሰቆጣ ውስጥ አራስ ልጠይቅ በገባሁበት አንድ ቤት፣ አንዲት ጎረቤት ሦስት ዓመት ገደማ የሆናትን ታላቅ እንደተለመደው ትተነኩሳታለች።

«ይሄን ልጅ ልውሰደው እንዴ?»

«ውሰጂው።»

«እውነት?»

«አዎ። ጨርቁንም ውሰጂ።»

ሴትዮዋ ሕፃኑን አቅፋ ወደ በሩ ስትራመድ ግን ልጅቷ ዘላ ነጠላዋን ያዘች። «የእማዬ ነው!» አለች፤ እያለቀሰች። የኔ ነው አላለችም። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ አያትየዋም «ቀንታ እኮ ነው» አሉ።

እኔ «ቀናች» የሚለው ፍርድ አይዋጥልኝም። የቀና ሰው የሌላውን ይመኛል። ይህች ልጅ የምትፈልገው ግን ትናንት የራሷ የነበረውን ነው፤ ይህ ደግሞ ከቅናት ይልቅ ለኀዘን ይቀርባል። ኀዘንተኛ አዋቂ ሲሆን እናስተዛዝናለን፤ ሦስት ዓመት ሲሆነው ግን እንስቅበታለን። «ውሰጂው» ስትል አልዋሸችም፤ ነጠላውን ይዛ ስታለቅስም አልዋሸችም። ሁለቱም በአንድ ሆድ ውስጥ አብረው ያድራሉ። እኛ አዋቂዎች አንዱን ብቻ እንድትመርጥ እናስገድዳታለን፤ «ወንድምሽን ውደጂ፣ በይ ሳሚው» እንላለን። በትእዛዝ የተሳመ ጉንጭ አንዳንዴ መነከሱ ለምን ይገርመናል?

ደግሞም በዋግ ይህ ስሜት ከእንጀራው ተለይቶ አይታይም። በ1925 ዓ.ም. ገደማ ዶክተር ሲሲሊ ዊልያምስ በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ ታናሽ ተወልዶባቸው ጡት ያጡና በበቆሎ ገንፎ ብቻ የሚያድጉ ሕፃናት ሲያብጡና ሲሞቱ አይታ በሽታውን ለሕክምናው ዓለም ጻፈች። የአገሩ እናቶች ግን ታናሽ ሲመጣ ታላቁን የሚይዝ በሽታ መሆኑን ቀድመው ያውቁት ነበር። ሰቆጣም ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልጋትም። በ1977ቱ ድርቅ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዷ ነበረች። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ቃል ሲገባ ሰነዱን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ቃል ኪዳኑ ከፅንስ እስከ ሁለተኛው ልደት ያሉትን አንድ ሺህ ቀናት ይቆጥራል። ታናሽ ቶሎ ሲከተል የሚያጥረው የታላቅየው ድርሻ ነው። ታዲያ ሬት ቀምሳ ያለቀሰችው ልጅ በሆዷ ያወቀችውን፣ ጤና ባለሙያው «አራርቃችሁ ውለዱ» እያለ ይመክራል። እንባዋ ቅብጠት አልነበረም።

ፍቅሩስ ከየት ይመጣል? እኔ እንደማየው ከስብከት አይመጣም፤ ከጀርባ ይመጣል። ልጅቷ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሞላት አንቀልባውን ትረከባለች። እናት ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ፣ እንጨት ልትለቅም ስትሄድ፣ የቤቱ ታናሽ ሕፃን በእሷ ጀርባ ይውላል። መጀመሪያ ታማርራለች፤ «ከበደኝ»፣ «ሸናብኝ»። ቀስ እያለች ግን ወገቧን ወዲህ ወዲያ እያደረገች፣ እሷ ራሷ በእናቷ ጀርባ ላይ የሰማችውን እሽሩሩ ትለዋለች። የተነጠቀችው ጀርባ አሁን የራሷ ሆኗል፤ ሰጪም እሷ ናት። በ2014 ዓ.ም. ከአበርገሌና ከፃግብጂ ወደ ሰቆጣ በተፈናቀለው ሕዝብ መካከልም ታናሽ ታዝሎ፣ ታላቅ ቀሚስ ይዞ በእግሩ የገባበት ቤተሰብ ስንት ይሆን? ያ ታላቅ «አንተ ትልቅ ነህ» ሲባል ምን እንደተሰማው የጠየቀው ካለ ደስ ይለኛል።

ይህን ሸክም ግን አላሞግሰውም። ትንሽ ልጅ የሌላ ልጅ እናት ስትሆን የምታጣው ብዙ ነው፤ ትምህርት ቤት አለ፣ ጨዋታ አለ። በተለይ የሻደይ በዓል የሚጀምርበት ነሐሴ 16 ሲደርስ ይከፋል። ልጃገረዶቹ ሻደይ የሚባለውን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው በየደጁ ሲወጡ፣ ሞግዚቷ ታላቅ ሕፃኑን አዝላ አጥር ሥር ትቆማለች። በአንድ ዓመት እንዲህ የቆመች አንዲት ልጅ «አውርጂውና ነይ» ስትባል ሰማሁ። ሕፃኑን በክንዷ ደገፍ አድርጋ ጓደኞቿን አየች። «እንቅልፉን አልጨረሰም» አለች መጀመሪያ። ቆየችና ደግሞ፣ በጣም ተናዳ፦ «ለከርሞ በእግሩ ይሂድ እንጂ እኔ አላዝለውም!»