ወደ ኋላ የቀረውን ማን አስቀረው?

«ሰነፍ» የሚለው ቃል ከአፋችን ለመውጣት ቀላል ነው። ማለዳ ተነሥቶ ሶምሶማ መሮጥ ያቃተውን፣ ኳስ ሜዳ ዝር የማይለውን፣ ስፖርት ጀምሮ የተወውን ሁሉ ሰነፍ ብለን እናልፋለን። ስሙን ከሰጠን በኋላ ምክንያቱን አንጠይቅም፤ ስሙ ራሱ ምክንያት ይመስለናልና። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰው አካሉን ከማንቀሳቀስ ሲሰንፍ ጥፋቱ የራሱ ብቻ ነውን? ወይስ አብረውት ያሉትም የሚጠየቁበት ድርሻ አለ? ጥያቄውን ያገኘነው ከመጽሐፍ አይደለም። በእኛው መካከል ከሆነ፣ ይልቁንም እኛው ካደረግነው ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ የመኝታ ክፍል የምንኖር ስድስት ተማሪዎች ባለፈው ዓመት የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና እንዳለቀ በየማለዳው አብረን ለመሮጥ ተስማማን። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ መዋሉ፣ ማታ ደግሞ ስልክ ላይ ማቀርቀሩ ወገባችንንም መንፈሳችንንም አጉብጦት ነበር። ስለዚህ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እየተነሣን ከግቢው በር እስከ አደባባዩ ደርሰን እንመለስ ጀመር። ከስድስታችን አንዱ ሰውነቱ ከበድ ያለ፣ ትንፋሹም ቶሎ የሚያጥረው ነበር። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሁላችን ቀድሞ የሚነሣውና ብርድ ልብሳችንን እየገፈፈ የሚቀሰቅሰን እርሱ ነበር።

መንገድ ላይ ስንወጣ አምስታችን እንቀድማለን፤ እርሱ ይቀራል። ተመልሰን በሩ ዘንድ ሰውነታችንን ስናፍታታ ከሩቅ ብቅ ይላል። «ምነው በታክሲ በመጣህ!» እንለዋለን፤ እንሥቃለን፤ እርሱም አብሮን ይሥቃል። እርሱ ሲደርስ እኛ ዐርፈን ጨርሰናልና ወደ ውስጥ እንገባለን፤ እርሱም ሳያርፍ ይከተለናል። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን «እናንተ ሂዱ፤ ሳነብ አምሽቻለሁ» አለን። በማግሥቱም እንዲሁ። ከዚያ ወዲያ መጠየቁን ተውነው። «ሰነፈ» አልን፤ ነገሩም በዚህ ያለቀ መሰለን።

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ የበሩ ዘበኛ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ስንወጣ አስቆሙንና «ልጆቼ፣ ስድስት ነበራችሁ፤ አንዱን የት ጣላችሁት?» ሲሉ ጠየቁን። «አባባ፣ እርሱማ ሰንፎ ተኝቷል» አልናቸው። ሽማግሌው ግን በመልሳችን አልረኩም። «እንዴት ያለ ነገር ነው! ከሁላችሁ ቀድሞ መጥቶ በር የሚያስከፍተኝ እርሱ አልነበረም እንዴ?» አሉን። የምንመልሰው አጣን። እውነትም ከሁላችን ይልቅ የተጋው ሰው በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሁላችን ይልቅ የሰነፈው እንዴት ሆኖ ነው? ስንፍና በተፈጥሮው ያለ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት የት ተደብቆ ነበር?

ማታ ጓደኛችንን ጠየቅነው። ብዙ ካንገራገረ በኋላ «መሮጡማ አልሰለቸኝም፤ የሰለቸኝ በየቀኑ ጀርባችሁን ማየት ነው» አለን።

ከዚህ በኋላ ነው ስለ ጉዳዩ ማንበብና መወያየት የጀመርነው። በመጀመሪያ የተረዳነው ነገር ዕውቀት ብቻውን ሰውን ከአልጋው እንደማያነሣው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ዝቅተኛው መጠን ቢሰላ በቀን ከግማሽ ሰዓት በታች ነው። ይህ ከባድ ሸክም አይደለም፤ ጥቅሙንም ሁላችን እናውቃለን። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው?

በዚህ ረገድ ከቀደሙት ተመራማሪዎች አንዱ ኖርማን ትሪፕሌት የተባለ አሜሪካዊ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 ባሳተመው ጥናት የብስክሌት ተወዳዳሪዎች ብቻቸውን ከሰዓት ጋር ሲሽቀዳደሙ ይልቅ ከሌላ ሰው ጋር ሲጋልቡ እንደሚፈጥኑ አመለከተ። ቀጥሎም ልጆችን ሰብስቦ የክር መጠቅለያ እንዲያሽከረክሩ አደረገ። ብዙዎቹ ከጓደኛ ጋር ሲሆኑ ፈጠኑ፤ አንዳንዶቹ ግን ባልንጀራቸው አጠገባቸው ሲኖር ተደናግጠው ይብሱን ዘገዩ። እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። ያው አንድ ጓደኛ ለአንዱ ጉልበት ሲሆን ለሌላው ድንጋጤ ይሆናል ማለት ነው።

ሁለተኛው ማክስ ሪንገልማን የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው። ሰዎች ገመድ ሲጎትቱ የእያንዳንዱን ጉልበት ለካ፤ የጎታቾቹ ቁጥር እየበዛ በሄደ መጠን የአንዱ ሰው ድርሻ እያነሰ እንደሚሄድ አገኘ። ከፊሉ ምክንያት እኩል «ሆ!» ብሎ አለመሳብ ነው። ይሁን እንጂ ሌሎች ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ዐይኑን የተሸፈነ ሰው ከኋላው ሌሎች አብረውት የሚጎትቱ እንዲመስለው ቢያደርጉ፣ በእርግጥ ብቻውን ሳለ ጉልበቱን ቀንሶ ተገኘ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረታችን እውነት ነው፤ ነገር ግን ብዛት ብቻውን ብርታት አይሆንም። ሰው በብዙዎች መካከል የእርሱ መኖርና አለመኖር ልዩነት የማያመጣ ሲመስለው እጁ ይላላል።

ሦስተኛው ኦቶ ኬለር የተባለው ጀርመናዊ ነው፤ የእርሱ ጥናት በቀጥታ ስለ እኛ የተጻፈ መሰለን። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ የበርሊን የጀልባ ቀዘፋ ማኅበር አባላት ክብደት እስኪደክማቸው ድረስ እንዲያነሡ አደረገ፤ በመጀመሪያ ብቻ ለብቻ፣ ከዚያም ሁለት ሁለት ሆነው። ሁለት ሲሆኑ አንደኛው ካቆመ የሁለቱም ሥራ ያበቃል። በዚህ ጊዜ ደካማው ብቻውን ከሚችለው በላይ ጸና፤ ጓደኛው በእርሱ ምክንያት እንዳይቀር ነውና። ነገር ግን ይህ በብዛት የታየው የሁለቱ ጉልበት በመጠኑ ሲለያይ ነው። ልዩነቱ እጅግ ሲሰፋ ደካማው ተስፋ ይቆርጣል። ወደ ጓደኛችን እንመለስ። እርሱ ቢቀር የእኛ ሩጫ አይቋረጥም፤ ቢደክምም የምናጣው ነገር አልነበረም። በእኛና በእርሱ መካከል ያለው ርቀትም በየቀኑ በዐይኑ የሚያየው ነበር። ታዲያ በምን ይጽና?

ደስታን በተመለከተም አንድ ነገር እንጨምር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ዐሥራ ሁለት የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቀዛፊዎችን በመቅዘፊያ መሣሪያ ላይ አንድ ጊዜ ለየብቻ፣ ሌላ ጊዜ አንድ ላይ አሠራቸው። የሠሩት ሥራ ተመሳሳይ ቢሆንም እኩል ሲቀዝፉ ከቆዩ በኋላ ሕመምን የመቻል ኃይላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። በአገራችንም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ባቋቋመው በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ላይ ይህን የመሰለ ነገር እናያለን። ከ1994 ዓ.ም. መጀመሪያው ሩጫ አንሥቶ ብቻቸውን አንድ ኪሎ ሜትር ለመሮጥ የሚታክቱ ሰዎች በዚያ ሕዝብ መካከል እየዘፈኑና እየጨፈሩ 10 ኪሎ ሜትር ሲጨርሱ ታይተዋል። ርቀቱ አላጠረላቸውም፤ ሰው ነው ያቀለለላቸው።

«ይህማ ለሰነፍ ጥብቅና መቆም ነው፤ ጠንካራ ሰው ጓደኛ ኖረም አልኖረም ይሮጣል» የሚሉ አይጠፉም። ከእኛው መካከልም እንዲህ ያለ ነበር። ንግግሩ እውነት አለበት። ማንም ሰው በሌላው እግር አይሮጥም፤ ጓደኛችንም ብቻውን ቀስ ብሎ ሊሮጥ ይችል ነበርና ከጥፋቱ የራሱ ድርሻ አለው። ነገር ግን የእርሱ ድርሻ መኖሩ የእኛን አይሰርዝም። እሳት ያለ እንጨት አይነድም፤ እንጨቱን የወሰደ ሰው እሳቱን «ለምን ጠፋህ?» ብሎ ሊወቅስ አይገባውም።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ደግሞ ከመካከላችን ከፈጣኑ መጣ። «እኔ በግቢያችን ውድድር ለመካፈል ተስፋ አለኝ፤ ለእርሱ ብዬ እስከ መቼ ልዘግይ?» አለ። ቀላል መልስ የለውም፤ ብርቱውን ማሰር ደካማውን ማበርታት አይደለምና። በዚህ ጊዜ የ1996ቱን የአቴንስ ኦሊምፒክ አስታወስን። በ10 ሺህ ሜትር ሩጫ፣ በአትላንታና በሲድኒ ያሸነፈው ኃይሌ የተረከዝ ጅማት ሕመም ይዞት ወደ ኋላ ቀረ። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ወደ ኋላ እየዞሩ አዩት፤ እንዲደርስባቸውም ፍጥነታቸውን ቀነሱ። እንደማይችል በታወቀ ጊዜ ግን ሄዱ፤ ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ ኃይሌ አምስተኛ ሆነው ጨረሱ። ቀነኒሳ ወርቁን ለወዳጅነት ብሎ አልተወውም፤ ስለ ወርቁ ብሎም ዞሮ ከማየት አልተቆጠበም። እኛ በዕለት ሶምሶማችን፣ ሜዳልያም ሰዓትም ሳይኖርብን፣ አንድ ጊዜ እንኳ ዞረን አላየንም ነበር።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለወጥን። አንደኛ፣ መንገዱን ትተን የግቢውን ሜዳ መዞር ጀመርን። በቀጥተኛ መንገድ የቀደመ ሰው እየራቀ ይሄዳል፤ በዙር ግን የቀደመው ተመልሶ ከኋለኛው ጋር ይገናኛልና «አይዞህ» ለመባባል ይመቻል። ሁለተኛ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ፍጥነቱን የሚወስነው የሚዘገየው ሰው እንዲሆን፣ በቀሩት ቀናት ግን ሁሉም እንደ ዐቅሙ እንዲሮጥ ተስማማን። ቀልዱንም ተውነው።

ጓደኛችን ወዲያው አልተመለሰም፤ ይቅርታ ከጠየቅነው በኋላ እንኳ ሁለት ሳምንት ያህል «እናያለን» ሲለን ቆየ። አንዴ የተሰበረ ፍላጎት እንደ ተፈታ ጫማ ተጎንብሰው የሚያስሩት አይደለም። በመጨረሻ አንድ ማለዳ ጫማውን አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ፈጣኑ ደግሞ በሦስቱ ቀናት ከእኛ ጋር፣ በሌሎቹ ከሌሎች ሯጮች ጋር ይሮጣል። አንዳንዴ ያጉረመርማል፤ እኛም ጥቂት ፍጥነት እንደ ቀነስንበት አንክድም። ይህ የጉዳዩ ዋጋ ነው፤ ያለ ዋጋ የሚገኝ አብሮነት ያለ አይመስለንም።

እንግዲህ ለጥያቄያችን ያገኘነው መልስ ይህ ነው። የመሮጥ ፈቃድ የእያንዳንዱ ሰው ነው፤ ነገር ግን ፈቃድ የሚጸናው ቢቀር «የት ሄደ?» የሚለው ሰው ባለበት ነው። አምስታችን ከእርሱ ጋር ስንበላና ስንተኛ ሳለ መጉደሉን የጠየቁልን በር ጠባቂ ሽማግሌ ናቸው። እርሳቸው ያደረጉት መቁጠር ብቻ ነበር። እናንተም፣ ውድ አንባብያን፣ ኳስ የምትጫወቱም ሆነ ተራራ የምትወጡ፣ ነገ ስትወጡ ተቆጠሩ። አንድ ቢጎድል «ሰነፈ» ከማለታችሁ በፊት በመጀመሪያው ሳምንት እንዴት እንደነበረ አስታውሱ፤ ከዚያም ሄዳችሁ ጠይቁት።