ምላስና ፍርድ

ዳኝነት በችሎት ብቻ አይወሰንም። ቡና ቀማሽም ዳኛ ነው፤ በማንኪያ ከሚቀምሳት ጥቂት ጠብታ የገበሬው የዓመት ድካም ዋጋውን ያገኛልና።

በጁገል ግንብ ውስጥ ካለው ከጊደር መጋላ ገበያ ጀምሮ እስከ ባሕር ማዶ ስሙ የታወቀው የሐረር ቡና፣ እሸት ፍሬው ሳይፈለፈል በፀሐይ ደርቆ ጀንፈል ስለሚሆን የወይን ጠጅን የሚያስታውስ ቃና አለው። ይህንኑ አንዱ ቀማሽ ጸጋ ይለዋል፤ ሌላው ሆምጥጧል ብሎ ይነቅፈዋል። እንግዲህ እውነቱ በማን ምላስ ላይ ነው?

የሙያው ሥርዓት መልስ አለው። 8.25 ግራም የተፈጨ ቡና በ150 ሚሊ ሊትር ፍል ውሃ ተነክሮ፣ ሲኒው እየበረደ ሲሄድ ደጋግሞ ይቀመሳል፤ ትኩሳት ነውርንም ጸጋንም ይሸፍናልና። ከአንድ ናሙናም 5 ሲኒ ይቀርባል። በአንዱ ብቻ የተገኘ ሆምጣጣነት ብልሽትን ያመለክታል፤ በ5ቱም ጥርት ብሎ የተገኘ ቃና ግን የቡናው ጠባይ ነው ሊባል ይገባል።

ስለዚህ «አልወደድሁትም» ማለትና «ነውር አለበት» ማለት አንድ አይደሉም። ባለጉዳይ የሚሰማ ሹም፣ የተማሪ ድርሰት የሚያርም መምህርም ይህን ልዩነት ቢዘነጋ፣ የገዛ ምርጫውን ሕግ አድርጎ ሰውን ይበድላል። ፍርዱን ከመስጠቱ በፊት ሲኒው እስኪበርድ ይታገሥ፤ ሁለተኛም ይቅመስ።